ያቃናሁት ክንፍ

ከሱቄ ግድግዳ ወዲያ አንዲት ልጅ የሴቶች የውበት ሳሎን ከፍታለች። ከጧት እስከ ማታ የጥፍር ቀለሟ ሽታ በግድግዳው ስንጥቅ እየሾለከ እኔ ዘንድ ይመጣል። ደንበኞቼ አፍንጫቸውን ይዘው «ጋሼ አያሌው፣ ይህን እንዴት ቻልከው? ለቀበሌ ለምን አትናገርም?» ይሉኛል። አልናገርም። እንዲያውም ሽታው ጠንከር ባለ ቀን መቀሴን አስቀምጬ፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ፣ ረጋ ብዬ እስበዋለሁ። ለሌላው ሰው የጥፍር ቀለም ነው፤ ለኔ የአውሮፕላን ክንፍ ነው። አዎ፣ የአውሮፕላን። ጂንካ ውስጥ ሱሪ የሰፋ ሰው ሞልቷል፣ ቀሚስ የሰፋም እንደዚያው፤ ክንፍ የሰፋ ግን እኔ ብቻ ነኝ። ጉራ ነው ትሉኝ ይሆናል። ጉራ ነው። ግን እውነተኛ ጉራ ነው፣ እንዲህ ያለውን ደግሞ ሰው በስተርጅና አይጥለውም።

ነገሩ የሆነው መንግሥት ተለውጦ ወታደሩ ወደየቀዬው ከተመለሰ በኋላ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ የምይዘው የሰው ወገብ ልክ እንጂ ዓመተ ምሕረት አይደለም። ሱሪ በስምንት ብር እሰፋ ነበር፤ ያረጀ ኮሌታ መገልበጥ ሁለት ብር ነው። የቢሮ ሰው ሁሉ ባለ አራት ኪስ ካኪ ኮት ያሰፋል። ቴትሮን የምንለው ጨርቅ ያኔ የሙሽራ ልብስ ነበር፤ ዛሬ ለመጋረጃም የሚፈልገው የለም። ከሱቄ ፊት ለፊት ካሴት ቤት ነበረ፤ ጧት የከፈተውን የፍቅር ዘፈን ማታ ነው የሚዘጋው። የቴፑ ባትሪ ሲደክም ዘፋኟ ድምጿ እየወፈረ ወንድ ትሆናለች፤ ለምደነው ስለነበር ማንም አይስቅም። የአውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ ከተማው መሀል ነው። ዛሬ አስፋልት ለብሶ፣ ታጥሮ፣ ጥበቃ ቆሞለት የምታዩት ዓይነት አይደለም፤ ሣር ነው፣ ድፍን ሣር። ላም ይግጥበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያተኛው ማሩንና ቅቤውን ተሸክሞ መሀል ለመሀል ያቋርጠዋል። አውሮፕላን ሲመጣ ሳይረን ይነፋል፤ ላሙም ኳሱም ሰዉም ወደ ዳር ይሰበሰባል። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሁሉም ወደየነበረበት ይመለሳል። ባጃጅ ከሞላበት የዛሬው ጎዳና ላይ ቆሜ ይህን ለወጣቶች ስነግራቸው የማላግጥባቸው ይመስላቸዋል።

ሃምሳ አለቃ ማቴዎስ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የአሪ ልጅ ነው፤ ከጂንካ ሁለት ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ ቀበሌ ተወልዶ፣ ገና በጉርምስናው አየር ኃይል ገብቶ፣ ዕድሜውን በሙሉ የአውሮፕላን መካኒክ ሆኖ ኖረ። ሠራዊቱ ሲበተን ጓደኞቹ ብርድ ልብስና ጫማ ይዘው ሲመለሱ እሱ አንድ የብረት ሣጥን ሙሉ መፍቻ ተሸክሞ መጣ። አጭር፣ ቁጥብ፣ እጁ ግን የማያርፍ ሰው ነበር፤ ቁጭ ብሎ ሲያወራ እንኳ የወንበርህን ብሎን ሲያጠብቅ ታገኘዋለህ። ጴንጤ ነው፤ አረቄ አይቀምስም፣ አይምልም። እኔ ደግሞ አባቴ ከሰሜን ለንግድ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ በማርያም እየማልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። «ወንድም አያሌው» ይለኛል፣ በነሱ አጠራር። «እኔ የቤተ ክርስቲያንህ ወንድም አይደለሁም» እለዋለሁ። «ገና ነህ» ብሎ ይስቃል። ሚስቱ ሣራም ትስቃለች። እንዲህ ነበርን።

ከተማችን ውስጥ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። ለራሱ ብሎ ከአገሩ በሦስት ትልልቅ ሣጥን አውሮፕላን አስመጣ። አውሮፕላን ስል ገና ቁርጥራጭ ነው፤ ሰው በጓሮው ራሱ የሚገጣጥመው ዓይነት። ሁለት ሰው ይይዛል፤ አካሉ ቀጭን የብረት ቧንቧ፣ ክንፉ እንጨት፣ ቆዳው ጨርቅ ነው። ፈረንጁ ማቴዎስን ለሥራው ያዘው፤ አዲስ አበባ ወስዶ በወጉ መብረር አሠልጥኖ አስፈተነው። ሣጥኖቹ ሳይከፈቱ ግን ወገቡን ታመመና ወደ አገሩ ተመለሰ። ሲሄድ ሁሉንም ለማቴዎስ ተወለት። «ጨርሰው፤ ግን መጫወቻ አታድርገው፣ ክትባት አድርስበት» አለው። ቆላ የወረደ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ዝናብ ሲጥል ኦሞ ዳር ወዳለችው ወደ ዱስ መንደር የሚወስደው መንገድ ይቆረጣል፤ ትናንት አሸዋ የነበረው ወንዝ ዛሬ መኪና ይወስዳል፤ ክትባቱ በበረዶ ታጭቆ መኪና ላይ እንዳለ ወንዝ ዳር ቆሞ ይበላሻል። ኦሞ ዳር ያሉት ሕፃናት ደግሞ ኩፍኝ መንገዱ እስኪደርቅ አይጠብቅላቸውም። ማቴዎስ ይህን ሲያወራ ቁጥብነቱ ይጠፋ ነበር።

ሣጥኑ ውስጥ የክንፍ ንድፉ ሁለት ሆነ፣ አጭርና ረጅም። ገጣጣሚው ራሱ ይመርጣል።

«አጭሩ ይሻላል» አልኩ እኔ፣ ማን ጠየቀኝ? «ጨርቅ ይቆጥባል፣ ስፌቱ ያንሳል፣ ሲያዩትም ሸበላ ነው።»

«አጭሩ ፈጣን ነው» አለ ማቴዎስ። «ጠንካራም ነው፣ ነፋስ አይጫወትበትም። ግን ፍጥነት ካልያዘ አየሩ አይሸከመውም፤ ሲያርፍም እየሮጠ ነው የሚያርፈው። ዱስ ላይ የምናገኘው ሜዳ አንድ ፍሬ ነው። የቆላ አየር ደግሞ በሙቀት ጊዜ ስስ ነው፤ ክንፍ የሚደገፍበት ያጣል።»

«ረጅሙስ?»

«ረጅሙ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ያርፋል። ላም ብትገባበት እንኳ አይቶ ለመተው ጊዜ አለው። ግን ይከብዳል፣ ነፋስ ያንገላታዋል፣ ጉዞም ላይ ይዘገያል። ሁሉን የሚችል ክንፍ የለም፣ ወንድም አያሌው። አንዱን ስትወስድ አንዱን ትሰጣለህ።»

ይህንንስ ለኔ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሱሪ ስታሰፋው ለመቀመጥ ይመቻል፣ ሲቆሙበት ግን ጆንያ ነው፤ ስታጠብበው ያምራል፣ ቁጢጥ ሲሉ ይተረተራል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰውን ስከራከርበት የኖርኩት ነገር ነው። ብቻ እሱ ሲለው ሌላ ሆነ፤ ሱሪ ቢተረተር ሰው ይስቃል፣ ክንፍ ግን… ተውኩት። አንድ ወር ያህል ስጨቀጭቀው ቆየሁ፤ በመጨረሻ ረጅሙን መረጠ። ልብሱን የሚለብሰው እሱ ነውና አፌን ዘጋሁ።

ሥራው ከቤቱ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ነበር። የክንፉን አጥንት ሲሠራ ወራት ፈጀ፤ እያንዳንዷን የእንጨት ጎድን በእጁ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ። ጨርቁ ሲደርስ ተራው የኔ ሆነ። እንዲህ ያለ ጨርቅ አይቼ አላውቅም፤ ሙቀት ሲነካው ይሰበሰባል። ክንፉ ላይ ላላ አድርገህ ታለብሰዋለህ፣ ከዚያ በካውያ ስትሄድበት እንደ ከበሮ ይወጠራል። ፈረንጁ የኤሌክትሪክ ካውያ ከነሙቀት መለኪያው ትቶልን ነበር፤ መብራት ግን ያኔ ጂንካ ውስጥ እንግዳ ነው፣ ማታ ትንሽ ብቅ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ በከሰል ካውያ ተኮስኩት። ሙቀቱን በምራቅ ነበር የምለካው፣ ልብስ ሰፊ ሁሉ እንደሚያደርገው፤ ማቴዎስ መለኪያውን አምጥቶ ቢያስተያየው አንድ ሆነ። ከዚያ በኋላ በሙቀት ነገር አልተናገረኝም። ከዚያም ፍራሽ እንደሚሰፋበት ባለ ረጅም መርፌ ጨርቁን ከእያንዳንዷ ጎድን ጋር ትሰፋለህ፤ አንዱ ከላይ ይወጋል፣ ሌላው ከታች ተቀብሎ ይመልሳል። የግራውን ክንፍ እኔና እሱ እንዲህ እየተቀባበልን ጨረስን። በላዩ ላይ ያን የጥፍር ቀለም የሚሸት ላክ ቀባነው። ሁለታችንም ራሳችንን አዞረን፣ ሣራ መጥታ በሩን ባትከፍት እዚያው በሣቅ እናልቅ ነበር።

የቀኙ ክንፍ ጨርቁን ለብሶ ሳይተኮስ ማቴዎስ ለፈቃዱ ጉዳይ አዲስ አበባ ተጠራ። ሁለት ሳምንት እንደሚቆይ ነገረኝና «ከቻልክ ተኩሰህ ጠብቀኝ» ብሎ ሄደ። እኔም ካውያዬን ይዤ ዳሷ ገባሁ። ከመጀመሬ በፊት ወደ ክንፉ ጫፍ ሄጄ እንደ ልማዴ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ጠርዙን አየሁት። ጠማማ ነው! ከጫፉ በኩል የኋላ ጠርዙ ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ተነስቷል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከሥሩ የእንጨት ሽብልቅ ገብቶበታል። የግራውን ጠረጴዛ ላይ ያዘጋጀው ማቴዎስ ስለነበር እኔ ሥሩንም ጠርዙንም አላየሁም። መቼም ጂንካ ውስጥ ሽብልቅ የሌለበት ጠረጴዛ የለም። ወለላችን አፈር ነው፣ ዝናቡም ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም፣ ጠረጴዛው በየወሩ ባንድ እግሩ ይሰጥማል፤ ያገኘነውን እንጨት እንሸጉጥበታለን። ማቴዎስም ሊሄድ ሲጣደፍ ጠረጴዛውን ማስተካከል ትቶ ክንፉ ሥር የሸጎጠ መሰለኝ። አዘንኩበት እንኳ። ሽብልቁን አነሳሁት። በሳህን ውሃ አስቀምጬ ጠረጴዛውን ለካሁ፣ እግሮቹን አስተካከልኩ፣ ክንፉን ፍጹም ሜዳ አድርጌ ዘረጋሁት። ከዚያ ተኮስኩት፣ ከላይና ከታች ብቻዬን እየዞርኩ ሰፋሁት፣ ቀባሁት። ባንድ ዓይን ብታየው ቀስት እንደተወረወረበት ቀጥ ያለ ነበር። ሽብልቁን ሱቄ ወስጄ ከስፌት መኪናዬ እግር ሥር ሸጎጥኩት፤ እሷም ትወዛወዝ ነበርና።

ማቴዎስ ተመልሶ ስፌቱን በእጁ እየዳሰሰ «እጅህ ይባረክ» አለኝ። ጠርዙን በዓይኑ አልለካም። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፣ ቢለካ ኖሮ ወዲያው ያገኘው ነበር። ግን የሚያስጨንቁት የራሱ ብሎኖች ነበሩ፤ የኔን ሥራ አምኗል፣ ያመንከውን ሰው ሥራ ደግሞ ዞረህ አትለካም።

ለመጀመሪያ በረራ የታሰበው ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አስተማሪዎች ሊያዩ መጡ። አውሮፕላኑ ተገጣጥሞ ዳሷ ደጅ ቆሟል፤ ማቴዎስ እየዞረ ያስረዳል፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ከጎኑ ቆሜያለሁ። አንዱ አስተማሪ «በአየር ላይ ፍጥነት ብታጣ ምን ይሆናል?» ብሎ ጠየቀው።

«ክንፉ ይደክማል» አለ ማቴዎስ። መዳፉን ዘርግቶ አሳየ። «ልታርፍ ስትል ቀስ ትላለህ፤ በጣም ቀስ ካልክ አየሩ ከክንፉ ይላቀቃል። ዋናው ነገር የቱ ጋ ቀድሞ ይደክማል የሚለው ነው። ሥሩ ቀድሞ ከደከመ ደህና ነው፤ አውሮፕላኑ ይንቀጠቀጥና ያስጠነቅቅሃል፣ ጫፉ ገና ይዟል። ጫፉ ቀድሞ ከደከመ ግን ይገለብጥሃል። ለዚህ ነው ክንፉን ስንሠራ ጫፉን በሽብልቅ ጥቂት የምንጠመዝዘው። ከተተኮሰ በኋላ እንደዚያው ይቀራል። ትንሽ ጉልበት ያስቀርብሃል፣ ጉልበቱን ሰጥተህ ምሕረት ትገዛለህ።»

«ጠመዝማዛው ባይኖርስ?»

«ሁለቱም ላይ ባይኖር ተጠንቅቀህ ትበራለህ። አንዱ ኖሮት አንዱ ባይኖረው ግን» አለና የቀኝ መዳፉን ገለበጠው። «መሬት አጠገብ ሳለህ በዚያ በኩል ይጥልሃል። ማንሻ ጊዜ የለም።»

አስተማሪዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔ «ሱቅ ክፍት ትቼ መጣሁ» ብዬ ሄድኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያች መንገድ ላይ ካሴት ቤቱን አልሰማሁም፣ ሰላም ያለኝን ሰው አላየሁም። ሱቄ ገብቼ ሽብልቁን ከመኪናዋ ሥር አወጣሁትና ጭኔ ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ያስደነገጠኝ ምን እንደነበር ልንገራችሁ፤ ማቴዎስ ሊሞት መቻሉ ብቻ አይደለም። «ልብስ ሰፊው አጣሞ ሰፋው» መባሌም ነበር። ሁለቱ በአንድ ሚዛን ላይ ተቀመጡብኝ። እንዲህ ያለ ሰው መሆኔን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሣራ መጣች። የማቴዎስን ኮት ይዛለች፣ አንድ ቁልፍ ወድቆበት። ቁልፉን ስተክል ቆማ ትጠብቀኛለች። የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበር፣ ስድስት ወሯ ይሆናል።

«ጋሼ አያሌው» አለችኝ፣ «እኔ ስለ ሞተር አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የሰፋኸው ይይዛል?»

መርፌውን ይዤ ቀና አልኩ። አሁን ንገራት፣ አለኝ ሆዴ። «የኔ ስፌት?» አልኩ። «በሬ ቢጎትተው አይላቀቅም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ኮቱን አጣጥፋ ሄደች። ስፌቱ በርግጥ አይላቀቅም ነበር። እሷ የጠየቀችኝ ግን ስለ ባሏ ሕይወት እንደነበረ አሳምሬ አውቃለሁ።

ቅዳሜ ጧት ሜዳው በሰው ተከበበ። ገበያተኛው ሁሉ ሸክሙን አስቀምጦ ቆሟል፤ ከቀይ አፈር ከተማ የመጣው፣ ከተራራው የወረደው፣ የቢሮው ሰው በካኪ ኮቱ። ሳይረን ተነፋ፣ ላሞቹ ወጡ። ማቴዎስ ቁልፉ የተተከለለትን ኮት ለብሶ አጭር ጸሎት አደረገና ገባ። ሞተሩ ተነሳ። እኔ በምን እግሬ እንደደረስኩ አላውቅም፣ የቀኙን ክንፍ ጫፍ በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ።

በእጁ ዘወር በል አለኝ። አልሄድኩም። ሞተሩን ቀነሰ።

«ወንድም አያሌው፣ ክንፉን ልቀቅ።»

«አልለቅም።»

ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ሕዝቡ ያጉረመርማል። አጠገቤ ሲደርስ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብዬ ነገርኩት። «ሽብልቁን አንስቼዋለሁ። የዚህኛውን። አንተ አዲስ አበባ ሳለህ፣ ጠረጴዛው የሰጠመ መስሎኝ። ሜዳ አድርጌ ነው የተኮስኩት።»

ወደ ክንፉ ጫፍ ዞሮ ቁጢጥ አለ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። ተነስቶ በሌላው ጎን ዞረ፣ የግራውንም አየ። ሲመለስ ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ትናንት። ለአስተማሪዎቹ ስታስረዳ።»

«ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? እውነቱ ያ ነው።

እሱም ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ዛሬ ነፋሱ አልተስማማኝም፣ ይቅርታ» አለ። ነፋስ የሚባል አልነበረም፤ የሣሩ ጫፍ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ሰዉ አሾፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አውሮፕላኑን «የሃምሳ አለቃ ዶሮ» አሉት፤ ክንፍ አላት፣ አትበርም። በሄደበት «ዶሮህ ዛሬም እንቁላል ላይ ናት?» ይሉታል። እሱ ፈገግ ብሎ ያልፋል። እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ስሰማ ምላሴን እነክሳለሁ፤ ወጥቼ «እኔ ነኝ» ለማለት ወንድነቱ አልነበረኝም።

አንድ ሳምንት ከሰላምታ በቀር አላናገረኝም። በሳምንቱ ምላጭ ይዞ ሱቄ በር ላይ ቆመ። «ና፣ ቅደደው» አለኝ። በገዛ እጄ የሰፋሁትን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀደድኩት። ሰው ያልሞተበት ለቅሶ ነበር። ትርፍ ጨርቅ አልነበረንም፤ ማቴዎስ ለፈረንጁ ጻፈ፣ ጨርቁ እስኪመጣ ስምንት ወር አለፈ። በዚያ መሀል ልጃቸው ተወለደ፤ የክርስትና አይሉትም እንጂ የምስጋናው ቀን ተጠርቼ በላሁ። ጨርቁ ሲመጣ ሽብልቁን ራሴ አመጣሁ፣ ራሴ አስገባሁ፣ ማቴዎስ ለካው። ስተኩስ አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጦ አየኝ። ጥፋቴ ነው፣ ቻልኩት።

የበረራው ቀን ሣራ ከዳር ቆማ ሕፃኑን አዝላለች። ማቴዎስ መጀመሪያ ብቻውን ተነሳ፣ ከተማዋን ሦስት ጊዜ ዞረ፣ አረፈ። ሕዝቡ እልል አለ፣ «ዶሮ» ሲል የከረመው ሁሉ ያጨበጭባል። ማቴዎስ ሞተሩን ሳያጠፋ ጣቱን ወደኔ ቀሰረ።

«ግባ» አለኝ። «የሰፋኸውን አብረን እንልበሰው።»

አምላኬን ጠርቼ ገባሁ። ሣሩ ከሥራችን ሸሸ። ነሪ ወንዝ ቀጭን ክር ሆነ፣ የገበያው ሰው ፈትል ሆነ፣ የሱቄ ቆርቆሮ ጣሪያ መዛጉን ያኔ አየሁ። ከፍ ካልን በኋላ ማቴዎስ ሞተሩን ቀነሰ፣ አፍንጫውን ቀና አደረገ። ዝግ አለ፣ ዝግ አለ፣ አውሮፕላኑ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ጫፉን ተመልከት» አለኝ። ተመለከትኩ። የክንፉ ሥር ይርበደበዳል፤ ጫፉ ግን፣ እኔ የተኮስኩት ጫፍ፣ ዝም ብሎ ይዟል። በቀኝም በግራም። ማቴዎስ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ሞተሩን መለሰና «ይኸው ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አንስተን አናውቅም። ጉንጬ ላይ እንባ ነበር፣ በነፋሱ አሳበብኩ።

ያ አውሮፕላን ለጥቂት ዓመታት የክትባት ሣጥን እየያዘ ዱስ ወረደ፣ ወደ አርቦሬም አንዳንዴ። ዱስ ላይ ሰዉ ሜዳውን ራሱ ይመነጥርለት ነበር፤ ሲመለስ አንዳንዴ አዲስ ማሽላ ጭኖ ይመጣል። ኋላ የሞተሩ መለዋወጫ ጠፋ፣ መንገዱም ተሻሻለ፣ ቆመ። ማቴዎስም ከጥቂት ዓመት በፊት ዐረፈ። ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ነው የቀበርነው።

በቀደም ሣራ አስጠራችኝ። ዳሷን ልታፈርስ ነው፣ የቀኙ ክንፍ ገና ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሏልና ምን እንደምታደርገው ልታማክረኝ ነበር። ጨርቁ በስብሷል፣ እንጨቱ ግን ደህና ነው። ሁለታችንም ቆመን ስናየው እንዲህ አለችኝ፦

«ይህ ክንፍ ነው ማቴዎስን ያተረፈው። እሁድ እሁድ ስንት ጊዜ መስክሬበታለሁ። ጌታ በብላሽ ጨርቅ ባሌን ከሞት አወጣው እያልኩ።»

«ብላሽ ጨርቅ?»

«አዎ። ያን ቅዳሜ ለምን እንደተወው ስጠይቀው ጨርቁ ከፋብሪካው ብላሽ ሆኖ መጥቷል፣ በጊዜ ደረስኩበት ነው ያለኝ።»

ዳሷ ውስጥ አንድ በርጩማ ነበረች፤ ተቀመጥኩባት። ለኔም ለሷም ደንግጬ። ሕዝቡን ነፋስ አለው፤ ለሚስቱ፣ አብራው በአንድ አልጋ ለምትተኛው፣ የማይዋሸው ሰውዬ ጨርቅ አላት። እኔን ከሷም ሸሸገኝ።

«ሣራ» አልኳት፣ «ጨርቁ ደህና ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዓርብ ማታ ኮቱን ይዘሽ ስትመጪም አውቄ ነበር። ይይዛል ያልኩሽ አውቄ ነው።»

አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ወደ ክንፉ ዞረች።

«ቅዳሜ ጧት ክንፉን ይዘህ የቆምከው ለዚህ ነበር?»

«ለዚህ ነበር።»

«እኔ ለጉራህ መስሎኝ ነበር» አለች። ቀጥላም፦ «አሁን ታዲያ ምን ብዬ ልመስክር፣ ጋሼ አያሌው? ያን ሁሉ ዓመት በጉባኤ ፊት ውሸት ስናገር ኖሬያለሁ ማለት ነው። እሁድ ና፤ አንተው ተናገረው።»

ሄድኩ። አባቴ ከመቃብሩ ቢያየኝ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ከነሱ አዳራሽ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ዘማሪዎቹ ጨረሱ፣ ሣራ ተነስታ «ከምስክርነቴ የቀረ ነገር አለ፣ ባለቤቱ ይናገረዋል» ብላ ወደኔ አየች። ማይክሮፎኑን ሰጡኝ።

«አያሌው እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ» አልኩ። «ሃምሳ አለቃ ማቴዎስ ያን ቅዳሜ ያልበረረው በነፋስ አይደለም፣ በጨርቅም አይደለም። ክንፉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እኔ አንድ ቀን አውቄ ዝም አልኩበት። እሱ ግን ከተማው ሲያላግጥበት፣ ሚስቱም ስትጠይቀው፣ እስኪሞት ድረስ ዝም አለልኝ።»

ከዚያ በላይ የምለው አልነበረኝም። ማይክሮፎኑን መልሼ ወደ ኋላ ልሄድ ስል ሣራ ቦርሳዋን ከአግዳሚው ላይ አንስታ ቦታ ለቀቀችልኝ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ።